ከማጠብሽ በፊት ቀዳዳውን ለኪ፦ ስለ ርካሽ ትናንሽ ኩሽኔታዎች

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው፤ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ነኝ። አያቴ እስከ ዛሬ የበግ ፀጉር የምትፈትለው በእንዝርት ነው። በእግር እየረገጠች የምትፈትልበት መፍተያ ከአሮጌ የብስክሌት ቸርኬ እየሠራሁላት ነው። ደብረ ብርሃን ወርጄ 608 የሚል ስምንት ርካሽ ኩሽኔታ ገዛሁ። በእጄ ሳዞራቸው አምስቱ ደህና ናቸው፤ ሦስቱ ይንኮሻኮሻሉ። ደህና ያልኳቸውን በመዶሻ መትቼ እንጨቱ ውስጥ ሳስገባቸው ግን እነሱም አልዞር አሉ። ጓደኞቼ ሁሉንም በቤንዚን እጠቢያቸው ይሉኛል። እንዴት ልጠባቸው? ወይስ ሌላ ልግዛ? ከገዛሁስ ምን ዓይነት?»

ምላሽ፦

ልጄ፣ ቤንዚኑን ለጊዜው አስቀምጪው። ኩሽኔታ በውስጥና በውጭ ቀለበት መካከል በሚንከባለሉ ኳሶች የሚዞር ዕቃ ነው፤ አልዞር ብሎ ሲያስቸግር ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ ወይ ውስጡ ቆሻሻ ገብቷል፣ ወይ ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይ ተጎድቷል፣ ወይ ደግሞ የተገጠመበት ነገር ጨምቆታል። ማጠብ የሚፈታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የተጎዳ ቦይ ቢታጠብ ንጹሕ የሆነ የተጎዳ ቦይ ነው፤ የተጨመቀ ኩሽኔታም ላምባ ውስጥ ቢያድር ቀዳዳው እስኪሰፋለት ድረስ አይዞርም። ከጻፍሽልኝ ተነስቼ ስገምት የአምስቱ ችግር መጨመቅ ነው። የሚንኮሻኮሹት ሦስቱ ገና አልታወቁም፤ እነሱን በኋላ እንመጣባቸዋለን።

በእጅ ሲዞር የነበረ ኩሽኔታ እንጨት ውስጥ ገብቶ አልዞር ካለ ጥፋተኛው እንጨቱ ወይም መዶሻው ነው። የ608 የውስጥ ቀዳዳ 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጡ ያሉት ኳሶች፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ናቸው፣ በውስጥና በውጭ ቀለበቶቹ መካከል የሚላወሱበት ክፍተት በመደበኛው ደረጃ ከ2 እስከ 13 ማይክሮን ብቻ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር 1,000 ማይክሮን ነው፤ የራስ ፀጉር እንኳ ከዚህ ክፍተት በብዙ እጥፍ ይወፍራል። የውጭ ቀለበቱ ደግሞ ስስ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ በጉልበት ሲገባ ያቺ ጥቂት ክፍተት ታልቅና ኳሶቹ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ይጣበቃሉ። አንቺ «አልዞር አሉ» ያልሽው ይህንን ነው።

እንጨቱ ምን እንደሆነ አልነገርሽኝም። በአካባቢያችን በቀላሉ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ስለሆነ እሱ ይመስለኛል። ባሕር ዛፍ ሳይደርቅ ከተሠራበት ያስቸግራል። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ በወርዱ ግን በደንብ ይቀንሳል። ስለዚህ ዛሬ ክብ አድርገሽ የበሳሽው ቀዳዳ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሞላላ ይሆናል፤ ኩሽኔታውንም በሁለት በኩል ብቻ ቆንጥጦ ይይዘዋል። ከክረምት ወደ በጋ ስንሻገር ደህና የነበረ መሣሪያ በድንገት የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። የደረቀ ጽድ ወይም ወይራ ካገኘሽ በጣም የተሻለ ነው፤ ካላገኘሽ ባሕር ዛፉን ሻካራውን ቅርጽ ካስያዝሽው በኋላ ጥላ ውስጥ በደንብ አድርቂውና ቀዳዳውን መጨረሻ ላይ ብሺ።

ለማረጋገጥ ከአምስቱ አንዱን ከእንጨቱ አውጪውና በእጅሽ አዙሪው። እንደ ድሮው ከዞረ ተጨምቆ ነበር ማለት ነው፤ ኩሽኔታው ተርፏል። አወጣጡ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጊ። የውስጥ ቀለበቱን እየመታሽ ካወጣሽው ምቱ በሙሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ ኳስ ቦዩን የሚነካው በጣም ትንሽ ነጥብ ላይ ስለሆነም ቦዩ ላይ ዐይን የማያየው ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። ከዚያ በኋላ ኩሽኔታው ሲዞር እየቆጠረ የሚሄድ ይመስላል፤ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ ይላል። ይህን ምንም ዓይነት ማጠቢያ አያድነውም።

ለመግፋት የግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ፈልጊ። የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር ከትንሽ፣ የውስጡ 16 ገደማ ነው። ስለዚህ የ608ን የውጭ ቀለበት ይነካል እንጂ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለውን የውስጥ ቀለበት አይደርስበትም። ጫፉን በሞረድ አስተካክይው፤ ወደ ውስጥ የወጣ ሹል ብረት ካለም አንሺለት፤ አለበለዚያ ኳሶቹን ከጎን የሚሸፍነውን ስስ ክዳን ይቧጭረዋል። ስታስገቢም በዚያው ቧንቧ ነው። ከመዶሻ ይልቅ ሞርሳ (ዕቃ ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ውስጥ አስገብተሽ ቀስ በቀስ ብታጠብቂው ይሻላል፤ ሞርሳ ከሌለ ረጅም ብሎን በመሐሉ አሳልፈሽ በዳዶ መሳብ ይቻላል። ሕጉ አንድ ነው፦ ቀዳዳ ውስጥ ስታስገቢ የውጭ ቀለበቱን ግፊ፣ ብረት ላይ ስታስገቢ የውስጥ ቀለበቱን ግፊ። በኳሶቹ በኩል የሚያልፍ ግፊት አይኑር።

እኔ ብሆን ግን ለእንጨት በጉልበት የሚገባ ቀዳዳ ጭራሽ አልሠራም። ኩሽኔታው በአውራ ጣት ግፊት የሚገባበት ቀዳዳ ብሺና ከውጭ በኩል 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው የላሜራ ቁራጭ በሁለት ብሎን እሰሪበት። ላሜራው የውጭ ቀለበቱን ጠርዝ ብቻ ይዞ እንዳይወጣ ይከለክለዋል፤ እንጨቱ ቢቀንስም ቢያብጥም የመጨመቅ ዕድሉ ጠባብ ነው። ቀዳዳው ከልክ በላይ ሰፍቶብሽ ከሆነ ዙሪያውን አንድ ዙር ወረቀት ማልበስ ያገለግላል። ሙጫ አትጠቀሚ፤ ነገ ኩሽኔታውን መቀየርሽ አይቀርም።

ዘንጉን የሚሸከሙትን ሁለቱን ምሰሶዎች በየተራ ከበሳሻቸውም ሌላ ችግር አለ። እንደዚህ ያሉ ኩሽኔታዎች የማዕዘን መዛባትን የሚታገሡት ከአንድ ዲግሪ እጅግ ባነሰ መጠን ነው። ሁለቱን እንጨቶች ፊት ለፊት አጣብቀሽ እሰሪና በአንድ ጊዜ ብሻቸው፤ ያኔ ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ላይ ይውላሉ። ከሁለቱ ኩሽኔታዎች አንዱ ብቻ በላሜራ ይታሰር፤ ሌላው ወደ ጎን ትንሽ ፈቀቅ እንዲል ነጻ ይሁን።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሮንዴላ፣ ከዳዶ ሥር የሚገባው ስስ የብረት ቀለበት፣ አለ። ዘንግሽ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ በ13 ቁልፍ የሚፈታው፣ እንደሆነ እገምታለሁ። የዚህ ብሎን መደበኛ ሮንዴላ ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኩሽኔታው የውስጥ ቀለበት ግን 12 ገደማ። ሮንዴላውን ኩሽኔታው ላይ አድርገሽ ዳዶውን ስታጠብቂ የሮንዴላው ጠርዝ ክዳኑን ይረግጠዋል፤ ዘንጉ በዞረ ቁጥርም ይፍቀዋል። እጅ ላይ ደህና የነበረ ኩሽኔታ «ተገጠመና ከበደ» ከሚባልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በኩሽኔታውና በሮንዴላው መካከል የውስጥ ቀለበቱን ብቻ የሚነካ አጭር የቱቦ ቁራጭ ወይም አንድ ተጨማሪ ዳዶ አስገቢ። የውስጥ ቀለበቱ በሁለት ዳዶ መካከል በደንብ ይጠበቅ፤ የብሎን ጥርስ ከ8 ሚሊ ሜትር ትንሽ ስለሚያንስ ካልጠበቀ ብሎኑ ቀለበቱ ውስጥ ለብቻው እየዞረ ይበላል።

አሁን ወደ ግዢው። በመጀመሪያ ስምንት ኩሽኔታ ምን ያደርግልሻል? ቸርኬው ከነመሐል አካሉ ካለ የራሱ ኳሶች አሉት። በተለመደው የብስክሌት አሠራር የፊት ጎማ በእያንዳንዱ ጎን ዐሥር፣ የኋላው ዘጠኝ ኳስ ይይዛል። ፈትተሽ እጠቢ፣ ግራሶ ቀቢና መልሰሽ እሰሪ፤ ስታስሪ እስከ መጨረሻው አጥብቀሽ ከዚያ ጥቂት መልሺ። ይህ ለትልቁ መንኮራኩር ከ608 ይበልጣል። የእግር መርገጫው መገጣጠሚያ ደግሞ ኩሽኔታ ጨርሶ አይፈልግም። ዙሪያውን አይዞርም፤ ወዲያና ወዲህ ነው የሚወዛወዘው። ኳሶች በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ሲመላለሱ ቅባቱን ከሥራቸው ገፍተው ያወጡና ቦዩን ይቆፍሩታል። እዚያ ቦታ ላይ ወፍራም ቆዳ ወይም በሞራ የተቀባ የወይራ እንጨት ከኩሽኔታ የበለጠ ዕድሜ ይሰጥሻል። ስለዚህ በእርግጥ የሚያስፈልግሽ ለመፍተያው ዘንግ ሁለት ኩሽኔታ ነው። ሁለት ደግሞ ለመጠባበቂያ ያዢ።

የሚሸከመው ነገር ቀላል ነው። ጥሩ አምራቾች ለ608 የሚያስቀምጡት የቆመ ጭነት (ሳይዞር የሚሸከመው) አቅም ወደ 1.37 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም 140 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ርካሹ የዚህን ግማሽ ቢችል እንኳ ለአንድ እፍኝ ፈትል ይተርፋል። ፍጥነቱም እንደዚያው። መንኮራኩሩ 60 ሳንቲ ሜትር፣ የዘንጉ ገመድ መያዣ 6 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አያትሽ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲረግጡ ዘንጉ 600 ጊዜ ይዞራል። እነዚህ ኩሽኔታዎች የተሠሩት በደቂቃ በዐሥር ሺዎች ለሚቆጠር ዙር ነው። ውድ ኩሽኔታ ለመግዛት ምክንያት የለሽም ማለቴ ነው። ያንን ገንዘብ ለደረቀ እንጨት አውዪው።

ቁጥሩን ማንበብ ከቻልሽ ከባለ ሱቁ ጋር ብዙ አትነታረኪም። በ6 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ሲሆን የመጨረሻው አሃዝ የውስጥ ቀዳዳው ነው፤ 623 ሦስት፣ 625 አምስት፣ 608 ስምንት ሚሊ ሜትር። እንደ 6201 ባለ አራት አሃዝ ሲሆን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ታያለሽ፦ 00 ዐሥር፣ 01 ዐሥራ ሁለት፣ 02 ዐሥራ አምስት፣ 03 ዐሥራ ሰባት ነው፤ ከ04 ጀምሮ በአምስት ማባዛት ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ ዜድ ዜድ የሚል ካለ ሁለቱም ፊት የብረት ክዳን አለው፤ ሁለት አር ኤስ ካለ የጎማ ክዳን ነው። ሲ3 የሚለው የውስጥ ክፍተቱ ከመደበኛው ሰፋ ማለቱን ይነግርሻል፤ ለሚሞቅ ሞተር የታሰበ ነው፤ ላንቺም ቢሆን አይጎዳም፣ እንዲያውም እንጨት ትንሽ ቢጨምቀው ይታገሣል።

ለስኬቲንግ ጫማ ተብለው የሚሸጡት 608ዎች ላይ ኤቤክ 5፣ ኤቤክ 7፣ ኤቤክ 9 የሚል ታገኛለሽ። አንዳንዱ 11 ይላል። ኤቤክ የኩሽኔታ ትክክለኛነት መለኪያ ነው፤ በ1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ይሄዳል፤ 11 የሚባል ደረጃ የለውም። 11 የሚል ካየሽ ሻጩ ስለ ኩሽኔታው ሳይሆን ስለ ራሱ ነገረሽ። እውነተኛው ኤቤክ እንኳ የሚናገረው የቀለበቶቹን የልክ ትክክለኛነት ነው፤ ስለ ብረቱ ጥራት፣ ስለ ኳሶቹ ልስላሴ፣ ስለ ቅባቱ ምንም አይልም። ዝነኛ የጃፓን ወይም የአውሮፓ ስም ተቀርጾበት በርካሽ የሚሸጠውንም ለስሙ ብለሽ አትጨምሪበት፤ በዓለም ዙሪያ ስማቸው በብዛት ከሚሰረቅባቸው ዕቃዎች አንዱ ኩሽኔታ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ፈተና ጣት ላይ ሰክቶ ፉት ብሎ ማዞርና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚዞር ማየት ነው። ይህ ፈተና ያሳስታል። አዲስና በደንብ ግራሶ የተሞላ ኩሽኔታ ጥቂት ዞሮ ይቆማል፤ ምንም ቅባት የሌለው ርካሹ ደግሞ እያፏጨ ረጅም ጊዜ ይዞርና ልብሽን ይማርካል። ይልቅ የውጭ ቀለበቱን በሁለት ጣት ያዢ፣ የውስጡን በትንሹ ጣትሽ ወደ ጎን ጫን አድርገሽ በጣም በዝግታ አዙሪ። ዐይንሽን ብትጨፍኚ ይሻላል። ጣትሽ ላይ የሚሰማሽ ወጥ የሆነ፣ እንደ ማር ወፍራም የሆነ መንሸራተት ከሆነ ግዢው። አሸዋ አሸዋ ካለሽ ወይም አንድ ቦታ ላይ በደረሰ ቁጥር ከነካሽ መልሺው። ወደ ጎን ስታንቀሳቅሺው ጥቂት ቢወዛወዝ አትደንግጪ፤ የጎን መወዛወዝ ከላይ ከነገርኩሽ ክፍተት በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ በጤነኛውም ላይ ይሰማል። ወደ ላይና ወደ ታች ስትገፊው በግልጽ ከተንኳኳ ግን ያለቀ ነው። ብረቱን በማግኔት መፈተን የሚወዱም አሉ፤ የተለመደው የኩሽኔታ ብረትም፣ ለኩሽኔታ የሚውለው ዝገት የሚቋቋመው ብረትም ማግኔት ይስባቸዋል፤ ምንም አይለይልሽም።

ከጎማና ከብረት ክዳን የቱ? ለበግ ፀጉር ያለ ማመንታት ጎማውን እላለሁ። የመንዝ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፤ ሲፈተል የሚበተነው ክር ዘንጉ ላይ እየተጠመጠመ ወደ ኩሽኔታው ይጠጋል። በብረት ክዳኑና በውስጥ ቀለበቱ መካከል ትንሽ ክፍት ቦታ አለ፤ ክሩ እዚያ ጫፉን ካስገባ እንደ ፋኖስ ክር ቅባቱን እየመጠጠ ያወጣዋል። ጎማው እዚያ ጋ ይዘጋል። በርግጥ ጎማ ይጎትታል፤ አዲስ ሲሆን መርገጫው ላይ ትንሽ ይሰማል። ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። የጎማ ክዳን በመርፌ ይነሳል፣ ተመልሶም ይገጠማል። ርካሽ የብረት ክዳን ብዙውን ጊዜ ተጨምቆ የገባ ስለሆነ አንዴ ካነሳሽው ተጣሞ ይቀራል። ርካሽ ዕቃ የምትገዢ ከሆነ ተከፍቶ የሚታጠበውን ግዢ።

እንግዲህ ማጠቡ ላይ ደረስን። ቤንዚን ለምን አልፈለግኩም? የቤንዚን ተን እሳት የሚይዘው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜም ጭምር ነው፤ ከአየር ስለሚከብድም ወለል ለወለል ሄዶ ምድጃ ፈልጎ ያገኛል። መሐል ሜዳ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ እሳት የማይነድበት ቤት የት አለ? ላምባ ግን እሳት የሚይዝ ተን ለመስጠት ከ38 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ቤንዚን የጎማ ክዳኑንም ያሳብጠዋል። ላምባ ካጣሽ ናፍጣ ይሆናል፤ ይዘገያል፣ ይሸታል፣ ግን ያጸዳል። ያም ሆነ ይህ ሥራው ደጅ ነው፣ ከእሳት ርቆ። አልኮል የሚሉም አሉ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶው ሲሆን ቀሪው 30 ውሃ ነው፤ ግራሶንም በደንብ አያሟሟም፣ ውሃውም ዝገት ትቶ ይሄዳል። አረቄ እንዳታስቢ፤ ግማሹ ውሃ ነው፣ ደግሞም ያስወቅሳል።

ክዳን ያላቸው ሁለት የብርጭቆ ጠርሙሶች አዘጋጂ። የኩሽኔታውን ክዳን ከማንሳትሽ በፊት ውጩን በደንብ ጥረጊው፤ አለበለዚያ ያልነበረ ቆሻሻ አስገብተሽ ታጥቢያለሽ። የስፌት መርፌ ወስደሽ ከውስጥ ቀለበቱ በኩል በጎማው ጠርዝ ሥር አስገቢና ቀስ አድርገሽ አንሺ። ቀለበቱን እንዳትቧጭሪ መርፌውን ወደ ጎማው አዘንብይው። ጎማው ውስጥ ስስ ብረት አለ፤ እሱን ካጣመምሽው ሲገጠም ይፍቃል። ክዳኖቹን በሳሙና ውሃ አጥበሽ ለብቻ አድርቂያቸው። ኩሽኔታውን የመጀመሪያው ጠርሙስ ውስጥ ንከሪና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይዘሽ እያዞርሽ ቦርሺው፤ ላምባው ሲጠቁር ታያለሽ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ንጹሕ ላምባ ወዳለበት ጠርሙስ አሻግሪውና ክዳኑን ዘግተሽ ነቅንቂ። ሁለተኛው ጠርሙስ ሥር የሚዘቅጥ ነገር እስካለ ድረስ አልጸዳም። የቆሸሸውን ላምባ መሬት ላይ አትድፊ፤ ካስቀመጥሽው ይዘቅጥና ከላይ ያለው ንጹሑ ለሚቀጥለው መጀመሪያ እጥበት ያገለግላል።

የብረት ክዳን ካለውና ጠርዙ ላይ ጫፍና ጫፉ የማይገናኝ ቀጭን የሽቦ ቀለበት ካየሽ፣ የሽቦውን ጫፍ በመርፌ አንሺው፤ ተስፈንጥሮ ስለሚጠፋ በሌላው እጅሽ ጋርጂበት። ሽቦው ከሌለ ክዳኑ ተጨምቆ የገባ ነው። እሱን ሳትከፍቺ ንከሪና አዙሪ፤ የሚወጣው ወጣ፣ ካልተሻለው አዲስ ግዢ። ከዚያ በላይ ልፋት አያዋጣም።

ለማድረቅ ወደ ጎሚስታ ወስደሽ በኮምፕሬሰር አታስነፊው። ልጆች በአየር ሲያስፏጩት አይቻለሁ፣ ደስ ይላል። ቅባት የሌለው ኩሽኔታ በአየር ኃይል በደቂቃ በብዙ ሺህ ዙር ሲሽከረከር በሰከንዶች ውስጥ ቦዩ ይጎዳል፤ ሲብስም ይበተንና ኳሶቹ ወደ ፊት ይረጫሉ። የግድ አየር ከተጠቀምሽ ሁለቱንም ቀለበት በጣት ጨምቀሽ እንዳይዞር ያዢ። ንጹሕ ወረቀት ላይ ዘርግቶ መተው ግን ይበቃል። ጨርቅ፣ ጥጥና የበግ ፀጉር አታስጠጊ፤ ክር ይተዋሉ። ሲደርቅ በዚያው ቀን ቅባት ይግባበት። ቅባት የሌለው ብረት ላይ የላብሽ አሻራ እንኳ ዝገት ያበቅላል፤ በክረምት ጉም ደግሞ በአንድ ሌሊት።

ሦስቱ የሚንኮሻኮሹት ዕጣቸው የሚለየው እዚህ ነው። ከታጠቡ በኋላ ድምፃቸውን አትስሚ፤ ቅባት የሌለው ጤነኛ ኩሽኔታም ይንጫጫል። ሁለት ጠብታ ዘይት ጨምሪና ያንኑ የዝግታ ፈተና ድገሚ። የሚነካሽ ነገር ቦታው እየተቀያየረ ከሆነ ቆሻሻ ቀርቷል፣ ድገሚና እጠቢ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ ቀለበቱ ተጎድቷል። ክዳኑ ተነስቶ ሳለ ቦዩን ወደ ብርሃን አድርገሽ እይ፤ ጥቁር ነጠብጣብ፣ የተቦጨቀ ቦታ ወይም በጥፍር የሚሰማ ዝገት ካለ ጣይው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እፍቃለሁ እንዳትዪ፤ የቦዩ ልስላሴ በማይክሮን የተሠራ ነው።

የቅባቱ ነገር ከአየር ጠባያችን ጋር ይያያዛል። ጋራዥ የሚገኘው የተለመደው ግራሶ ለሸዋ ሮቢት ሙቀት ይስማማል፤ አመዳይ በሚጥልበት የመንዝ ማለዳ ግን ይወፍራል፤ መፍተያው እስኪሟሟቅ ድረስ የአያትሽን እግር ያደክማል። ላንቺ የስፌት መኪና ዘይት ሁለት ሦስት ጠብታ በቂ ነው። ጉዳቱ ቶሎ ማለቁ ነው፤ በየሳምንቱ በዘንጉ በኩል አንድ ጠብታ ጣል ማድረግ ይጠይቃል። በየጊዜው መጨመር ይረሳል ብለሽ ከሰጋሽ ግራሶ አድርጊ፤ ግን ክፍት ቦታውን አንድ ሦስተኛ ብቻ ሙዪ። ሞልቶ የሚተርፍ ግራሶ አይረዳም፣ ይጎትታል። አሮጌው ግራሶ ሙሉ በሙሉ ሳይታጠብ ሌላ ዓይነት አትደርቢበት፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ይቀጥናሉ ወይም ይጠጥራሉ። የኑግ ዘይት ሲቆይ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል፤ ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይትም የብረት ብናኝና ጥላሸት ይዞ ይመጣል። ሁለቱንም ከኩሽኔታ አርቂ።

ክዳኖቹን መልሰሽ በጣትሽ ዙሪያውን ጫን ጫን እያደረግሽ ግጠሚ፤ ቦታቸውን ሲይዙ ይሰማሻል። መፍተያው ሥራ ሲጀምር ዘንጉ ላይ የሚጠመጠመውን ክር በምላጭ እየቆረጥሽ አንሺ፤ ጎማው ሥር እስኪገባ አትጠብቂ። ይህን ሁሉ አድርገሽም መርገጫው ከከበደ ኩሽኔታውን ደግመሽ ከመክፈትሽ በፊት ገመዱን አውልቀሽ ዘንጉን ባዶውን አዙሪው። ባዶውን በነጻነት ከዞረ የሚጎትተው ከልክ በላይ የተወጠረው ገመድ ነው፤ ሳይንሸራተት የሚያዞርበትን ያህል ብቻ ወጥሪው።